ሸካራ ወረቀት ላይ የታጠበ የአያቴ ፎቶ፦ ነጠብጣቡን እንዴት ላጥፋው?

የመሐል ሜዳ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፎቶ የተነሳችው። በ1966 ዓ.ም. ባና ልትሸጥ ከመንዝ ደብረ ብርሃን መጥታ፣ ገበያው ሲቀናት ፎቶ ቤት ገባች። ዓመቱ ከጀርባው በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ 9 በ14 ሳንቲሜትር። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት በደንብ ይታያል።

ወረቀቱ ግን ልሙጥ አይደለም። በጣት ሲዳስሱት ሻከር ይላል። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ባለ ስድስት ማዕዘን ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ልክ የማር እንጀራ። በእጅ ይዘው ሲያዩት ምንም አያስቸግርም። ስካን ሲደረግ ግን ፊቷ ላይ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል።

ባለፈው ወር ትልቅ አድርጌ ላሳትመው ብዬ ለአንድ ሠራተኛ ሰጠሁት። ሙት ዓመቷ ሲደርስ እናቴ ሳሎን እንድትሰቅለው ነው። በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሰጠኝ። ነጠብጣቡ ሁሉ ጠፍቷል። ፊቷ ጥርት ብሏል። ደስ ብሎኝ ለእናቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

ደግሜ ሳየው ንቅሳቱ የለም። አንገቷ እንደ ሕፃን አንገት ሆኗል። ከንፈሯም ተለውጧል። የነጠላዋ ጥለት ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጭረት ሆኗል። ለካ ልጁ በስልኩ ኤአይ ነው የሠራው።

ዋናው ፎቶ ደህና ነው፤ እጄ ላይ አለ። አሁን ራሴ ልሞክረው ነው። ላፕቶፕ አለኝ፤ ጓደኛዬ ቢሮ ደግሞ ስካነር አለ። ሸካራውን አጥፍቼ አያቴን ሳላጠፋ እንዴት ልሥራው?

የሸዋ ሮቢቱ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15)

እህቴ፣ ኤአይ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ የአባቴን ጉርድ ፎቶ በአንድ ነፃ ድረ ገጽ አሠርቼ ቤተሰቡ ሁሉ አልቅሶበታል። ምናልባት ልጁ መጠኑን ከፍ አድርጎት ይሆናል። ቀነስ አድርጎ እንደገና ይሞክርልሽ። በዚህ ዘመን በእጅ መልፋት ያለበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጨለማ ክፍል (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20)

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኔ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ፎቶ አጥቤያለሁ። የምትዪውን ወረቀት አውቀዋለሁ። «ሲልክ» ነበር የምንለው።

ሰው ለምን ይወደው እንደነበር ልንገርሽ። የሚያብረቀርቀው ወረቀት የጣት አሻራ ይይዛል፤ ጭረቱም ወዲያው ይታያል። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶ ስንት እጅ ይነካው ነበር! ሠርግ ላይ ይዞራል። ለቅሶ ላይ ደረት ላይ ተይዞ ይለቀስበታል። ቅቤ የነካ እጅ ሁሉ ይይዘዋል። ሸካራው ወረቀት ይህን ይችላል። እኛም በእርሳስ ሪታች ያደረግነው ቦታ አይታወቅብንም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከስካነር ጋር ነው። አንቺ ፎቶውን በእጅሽ ይዘሽ ስታዪው ብርሃኑ ከመስኮትም ከበርም ከግድግዳም ይመጣል። የብዙ ስካነር መብራት ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያበራው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የጣርማ በርን ገደል አስቢው። አንደኛው ፊት ቦግ ይላል፤ ሌላው ጥላ ነው። ወረቀትሽ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጉብታ እንደዚያ ትሆናለች። ያየሽው ነጠብጣብ ይኸው ነው፤ ነጸብራቅና ጥላ። ምስሉ ከሥሩ ደህና ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክዪ። ፎቶውን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገሽ ስካን አድርጊ። ቀጥሎ ገልብጠሽ፣ ራሷ ወደ ታች ሆና፣ ድገሚው። በሁለተኛው ላይ ብርሃኑ ከሌላው ወገን ይመታታል። ሁለቱን ብትደራርቢያቸው የአንዱ ጥላ በሌላው ብርሃን ይካካሳል። የኮምፒውተሩን ነገር ልጆቹ ያስረዱሻል።

ኤአዩን በተመለከተ፣ እኔም በእርሳስ ሰው ሳሳምር ኖሬያለሁ። ብጉር አጥፍቻለሁ፤ ቅንድብ ደርቤያለሁ። ንቅሳት ግን ነክቼ አላውቅም። ባለቤቷ ተሠቃይታ ያስነቀሰችው ጌጧ ነው።

ቀስተ ደመና (ረቡዕ፣ ቀን 6፡05)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ከዚያ ልቀጥል።

ስካነሩን 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ላይ አድርጊው። 9 በ14 የሆነ ፎቶ በዚህ ልክ 2,126 በ3,307 ፒክስል ይሆናል። «ለምን ይህን ያህል?» ካልሽ፣ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ሸካራውንም በደንብ መቅረጽ ስላለብን ነው። በ150 ብታነሺው ስካነሩ ጉብታዎቹን በትክክል መቁጠር ያቅተዋል። እውነተኛው ንድፍ ይጠፋና በምትኩ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ሌላ ንድፍ ይመጣል። እሱን ማውጣት በጣም ከባድ ነው። በደንብ የተቀረጸ ሸካራ ግን ተለይቶ ይወጣል።

ፋይሉን ምስሉን ሳይጎዳ በሚያስቀምጠው በቲፍ ዓይነት አስቀምጪ። ጄፔግ ሲጨመቅ የራሱን ንድፍ ይጨምርበታል። የስካነሩን ማሳመሪያዎች በሙሉ አጥፊ። በተለይ «ዲስክሪን» የሚለውን እንዳትነኪ። እሱ ለጋዜጣና ለመጽሔት ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ሸካራ ወረቀት ላይ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ከዚያ ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺ፤ ነፃ ነው። ሁለቱን ስካኖች በሁለት ሌየር፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርበሽ፣ አስገቢ። የተገለበጠውን 180 ዲግሪ አዙሪው። የላይኛውን ኦፓሲቲ፣ ማለትም የታችኛውን የሚሸፍንበትን መጠን፣ 50 በመቶ አድርጊው። ጊዜ ካለሽ አራት ጊዜ ስካን አድርጊ፦ ቀጥ፣ ወደ ቀኝ፣ ግልብጥ፣ ወደ ግራ። ያኔ ከታች ወደ ላይ ኦፓሲቲው 100፣ 50፣ 33፣ 25 ይሆናል። አራቱም እኩል ድርሻ የሚኖራቸው በዚህ ልክ ነው።

ለሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ፦ ኤአዩ ንቅሳቱን ያጠፋው መጠኑ ስለበዛ ብቻ አይመስለኝም። ፕሮግራሙ ነጠብጣቡ የሸፈነውን ቦታ ሲሞላ፣ ከዚህ በፊት ካያቸው ብዙ ፊቶች ነው የሚበደረው። ካያቸው አንገቶች አብዛኞቹ ንቅሳት የላቸውም። ስለዚህ ንቅሳቱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎቶ ብትሰጠው ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉርድ ፎቶ ላይ ላይታወቅ ይችላል። እዚህ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የሸዋ ሮቢቱ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የአባቴን ፎቶ ከዋናው ጋር አስተያየሁት። ግንባሩ ላይ የነበረው የድሮ ጠባሳ የለም። ልጅ ሆኖ ከበቅሎ ወድቆ ነው የተጎዳው፤ ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዴት እስካሁን እንዳላየሁት አላውቅም። እስኪ ይህን ውይይት እከታተላለሁ።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡10)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀስተ ደመና፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ጊዜ ስካን አስደረግሁ። ስደራርበው ግማሹ ነጠብጣብ ወዲያው ረገበ። አየር ላይ ያለ አቧራ ዝናብ ሲመታው እንደሚረግበው ነው የሆነው። ግን ዓይኗ ሁለት ሁለት ሆነ። ግራ ዓይኗን ሳስተካክል እግሯ ጋ ያለው ወለል ይዛነፋል።

ቀስተ ደመና (ሐሙስ፣ ማታ 2፡35)

ወረቀቱ በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ጠመም ብሎ ተቀምጦ ነው። የላይኛውን ሌየር ሞድ ለጊዜው «ዲፈረንስ» አድርጊው። ይህ ሞድ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያሳያል። ልክ ሲገጥሙ ምስሉ ሊጠቁር ይቀርባል፤ ያልገጠመው ቦታ በነጭ ጠርዝ ይታያል። መጀመሪያ አንድ ዓይን ላይ አግጥሚ። ቀጥሎ ያንን ዓይን ማዞሪያ ማዕከል አድርገሽ በጣም በትንሹ፣ በ0.1 ዲግሪ፣ እያዞርሽ እግሯን አግጥሚ። ሲያልቅ ሞዱን ወደ ነበረበት መልሺ፣ ኦፓሲቲውንም 50።

ደግሞ ወረቀቱ ተጠማዝዞ ከሆነ ስካነሩ ምን ዓይነት እንደሆነ እዪ። ቀጭኑና በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራው ዓይነት ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ነገር ያደበዝዛል። ወፈር ያለው፣ ባለ ሲሲዲው፣ ይታገሳል። ቀጭኑ ከሆነ ክዳኑ ላይ መጽሐፍ ጫን አድርጊበት።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡00)

ገጠመ! ዲፈረንሱ በጣም ረዳኝ። ዓይኗ አሁን አንድ ነው። ንቅሳቱም አለ። ግን ቀረብ ብለው ሲያዩት አሁንም ስስ የሆነ ወንፊት የሚመስል ነገር ቀርቷል። ትልቅ ሆኖ ሲታተም ይታያል ብዬ ሰጋሁ።

ቀስተ ደመና (ዓርብ፣ ጠዋት 3፡30)

ይታያል። የቀረውን በፉሪየር ነው የምናወጣው። ፉሪየር ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ በ1822 እ.ኤ.አ. ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ ነው ዘዴውን ያስፋፋው። ሐሳቡ ይከብዳል፤ ግን ማኅሌት የቆመ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። አንቺ ግን ከበሮውን ለብቻው፣ ጸናጽሉን ለብቻው ትለዪዋለሽ። ከበሮው በእኩል ጊዜ ስለሚመታ ነው። የወረቀትሽም ጉብታ እንደ ከበሮ ነው፤ በእኩል ርቀት ይመታል። ፊት ግን እንዲህ አይደጋገምም።

ኢሜጅ ጄ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጂ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለቤተ ሙከራ ምስሎች ያሠሩት ነው። ፎቶውን ክፈቺ፤ «8 ቢት» አድርጊው። ከዚያ ፕሮሰስ፣ ቀጥሎ ኤፍኤፍቲ፤ የፉሪየርን ስሌት የሚሠራው ትእዛዝ ነው። ጥቁር ካሬ ላይ መሐሉ የበራ ምስል ይወጣልሻል። ከመሐሉ ራቅ ብለው ክብ ሠርተው የቆሙ ስድስት ኮከቦች ታያለሽ። ከእነሱም ውጭ ፈዘዝ ያሉ ሌሎች ይኖራሉ። እነዚያ ናቸው ወረቀቱ። በብሩሽ ጥቁር ቀለም ቀብተሽ ሸፍኛቸው። መሐሉን እንዳትነኪ፤ አያትሽ ያለችው እዚያ ነው። ጨርሰሽ «ኢንቨርስ ኤፍኤፍቲ» ስትዪው ፎቶው ወንፊቱ ወጥቶለት ይመለሳል።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ጥቁርና ነጭ ቀለም አንድ ላይ አትቀቢ፤ ፕሮግራሙ ጥቁሩን «አውጣ»፣ ነጩን «ይህን ብቻ አስቀር» ብሎ ነው የሚረዳው። ነጥቦቹንም በተቻለሽ መጠን አሳንሺያቸው። ትልቅ ጥቁር በቀባሽ ቁጥር ከፎቶውም ይሄዳል። መጀመሪያ ሁለቱን ስካን መደራረብሽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ኮከቦቹ ደክመው ስለሚመጡ ትንሽ ነጥብ ይበቃቸዋል።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 1፡50)

ከምሳ በኋላ ጀምሬ ስለፋ ዋልኩ። ኮከብ የሚባል ነገር አላየሁም። መሐሉ ላይ ብርሃን፣ ዙሪያው ጭጋግ፣ በተጨማሪ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ብዙ ነጥቦች።

ቀስተ ደመና (ዓርብ፣ ማታ 2፡05)

ፋይሉ እንዴት ደረሰሽ? በቴሌግራም?

የመሐል ሜዳ ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 2፡12)

አዎ። ጓደኛዬ ሁለቱን ስካን በቴሌግራም ነው የላከችልኝ።

ቀስተ ደመና (ዓርብ፣ ማታ 2፡20)

እሱ ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ይጨምቀዋልም። ያየሻቸው የመስቀል ነጥቦች የጄፔግ ካሬዎች ናቸው። ኮከቦቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል። «እንደ ፋይል» ብላ ትላክልሽ፤ ካልሆነም በፍላሽ ተቀበያት። የልፋትሽ ነገር ያሳዝናል፤ ግን መደራረቡን አሁን ስለምታውቂው ቶሎ ይሄድልሻል።

የፍቼዋ (ዓርብ፣ ማታ 3፡10)

ከሰላሌ ነኝ። የተለየ ሐሳብ ላንሳ። ሸካራውን ለምን እናጠፋለን? የወረቀቱ ጸባይ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ፎቶ ሲያስጥብ ይህን ወረቀት መርጦ፣ በጣቱ ዳስሶ ነው የወሰደው። ከአክስቴ ቤት አንድ እንዲህ ያለ ፎቶ አለን። ዓይኔን ጨፍኜ በዳሰሳ ብቻ ከሌሎቹ እለየዋለሁ። ልሙጥ ሆኖ ሲወጣ የሆነ ነገር ይጎድልብኛል።

ጥያቄም አለኝ። በ1970ዎቹ የተነሳ ባለ ቀለም ፎቶ አለን። አልበም ውስጥ ተዘግቶ ነው የኖረው፤ ፀሐይ አላየም። ግን ሰው ሁሉ ቀይ ሆኗል። ይህስ ምንድን ነው?

ጨለማ ክፍል (ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡45)

የፍቼዋ ልጄ፣ ስለ ወረቀቱ ያልሽው ልቤን ነካው። እውነትሽን ነው። እኔም ለዚህ ነው የመጀመሪያው ስካን፣ ነጠብጣቡ እንዳለበት፣ ሳይነካ ይቀመጥ የምለው። ጀርባውም ስካን ይደረግ። የእጅ ጽሑፉ አለ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። ፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን እንደተጻፈው «1966 ዓ.ም.» ብላችሁ አስቀምጡ። አለዚያ ኮምፒውተሩ ስካን የተደረገበትን የፈረንጅ ቀን ይለጥፍበትና የልጅ ልጆቻችሁ ግራ ይጋባሉ። የሚታተመው ግን ሌላ ነው። ትንሹ ፎቶ ላይ የማይታየው ጉብታ ሦስት እጥፍ ሲያድግ ፊቷን ይሸፍነዋል። እናትዬዋ ማየት ያለባት እናቷን ነው።

ስለ ቀዩ ፎቶ፦ የዚያ ዘመን የቀለም ወረቀት በሦስት ቀለም ነው የሚሠራው። ከሦስቱ ሰማያዊ አረንጓዴው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ይሞታል። እሱ ሲሄድ ቀዩ ይነግሣል። ፀሐይ የመታው ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል።

ቀስተ ደመና (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00)

በጊምፕ «ሌቭልስ» ውስጥ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቻናል ለየብቻ ክፈቺ። በእያንዳንዱ ግራፍ ሥር ያሉትን የግራና የቀኝ ተንሸራታቾች ግራፉ ከፍ ማለት እስከሚጀምርበት አምጪያቸው። ብዙው ይመለሳል። ወረቀቱ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ፉሪየሩን ለሦስቱም ቻናል ለየብቻ ትሠሪዋለሽ፤ ኢሜጅ ጄ ባለ ቀለሙን እንዳለ ብትሰጪው ወደ ግራጫ ይለውጠዋል።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ቅዳሜ፣ ቀን 9፡20)

ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠችኝ። ኮከቦቹ ወጡ! ስድስቱም ተራ በተራ ቆመዋል። ሳያቸው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ግን ፈራሁ። ከስድስቱ ሌላ፣ በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ጥቂት ነጥቦች አሉ። የነጠላዋ ጥለትም እኮ የሚደጋገም ነገር ነው። ወረቀቱን አጠፋለሁ ብዬ ጥለቱን ባጠፋስ?

ቀስተ ደመና (ቅዳሜ፣ ቀን 10፡05)

ይህን ጥያቄ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፈዋል።

መለያ ዘዴ አለ። የፎቶሽ ዳር ነጭ ህዳግ አለው? ሸካራው እዚያም ላይ አለ፤ ምስል ግን የለም። ከህዳጉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ምረጪና እሱን ብቻ ኤፍኤፍቲ አድርጊው። እዚያ ላይ የሚወጡት ኮከቦች የወረቀቱ ብቻ ናቸው። ጠቋሚውን ኮከቡ ላይ ስታደርጊ ከፕሮግራሙ መስኮት ታች ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ በአንድ ዙር ስንት ፒክስል እንደሆነ፣ ሌላው ማዕዘኑን። ጻፊያቸው። ከዚያ ወደ ሙሉው ፎቶ ተመለሺና ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ቀቢ። የኮከቡን ቦታ በዓይንሽ አታመሳስዪ፤ ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ቦታው ይለያያል። ቁጥሮቹ ግን ይቀራረባሉ።

በአንድ መስመር የተደረደሩት ነጥቦች ህዳጉ ላይ ከሌሉ፣ ጥለቱ ናቸው። ተዪያቸው።

አንኮበር (ቅዳሜ፣ ማታ 12፡40)

ስካነር የሌለን ሰዎችስ? የእኛ ፎቶ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ነው። ምድጃ ያለበት ቤት ግድግዳ ላይ ስለኖረ ጥላሸት ጠጥቷል። ላወጣው ስል ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። በእርጥብ ጨርቅ ላላቅቀው ነበር፤ እዚህ ሳነብ ቆም አልኩ።

ጨለማ ክፍል (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡30)

እንኳን ቆምክ! እርጥብ ነገር አታስጠጋው። ፎቶው የተቀመጠበት ስስ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ። ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ይላላል። አንድ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መስታወቱ ላይ የደረቀው ራሱ ነው ያጣበቀው። ብትጎትተው ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። የእንዲህ ያለ ፎቶ ግማሽ ፊት በእጄ ይዤ አውቃለሁና እባክህ ተወው። የመስታወቱን ውጭ ብቻ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አጽዳና እንዳለ አንሳው።

ቀስተ ደመና (ቅዳሜ፣ ማታ 2፡15)

እንዳለ ማንሳት ይቻላል። ይህ መንገድ ለሸካራ ወረቀትም ከስካነር ሊበልጥ ይችላል።

ፎቶውን ጠፍጣፋ አስቀምጥ። ሁለት እኩል መብራት ከግራና ከቀኝ፣ እያንዳንዱ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይብራበት። ያን ጊዜ የጉብታዎቹ ጥላ ከሁለቱም ወገን ይሞላል። የሚቀረው ነጸብራቅ ነው። እሱን የሚገድለው ፖላራይዘር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ነው። ከተሰበረ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚላጠው ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ይሆናል። ከአንድ ፕላስቲክ ሁለት ቁራጭ ቆርጠህ፣ አቅጣጫቸው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በሁለቱ መብራቶች ፊት አድርግ። ሦስተኛውን በካሜራው ወይም በስልኩ ሌንስ ፊት ይዘህ አዙረው። ፎቶው ጎን የብረት ማንኪያ አስቀምጥ። ማንኪያው ላይ ያለው ነጸብራቅ ሲጠፋ እዚያ ላይ አቁም። የመስታወቱም የሸካራውም ብልጭታ አብሮ ይጠፋል።

ፖላራይዘር ካላገኘህ ደመና የሸፈነው ቀን ጠብቅ፤ እናንተ ዘንድ ደመና አይጠፋም። በረንዳ ላይ አንሳው። ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይዘርጋ፤ አለዚያ ሰማዩ መስታወቱ ላይ ይታያል። ስልኩን ወደ ፎቶው አታስጠጋ፤ ራቅ ብለህ ዙም አድርግ፤ ፊት እንዳይጣመም።

የመሐል ሜዳ ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1፡00)

ጨረስኩ።

ህዳጉን ቆርጬ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በእውነትም በመስመር ያሉት ነጥቦች ህዳጉ ላይ የሉም። የስድስቱን ኮከቦችና ከእነሱ ውጭ ያሉትን ፈዛዞች ብቻ ቀባሁ። «ኢንቨርስ» ስለው ወንፊቱ የለም። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ትንሽ ነው፤ አንድ ጭረትና ጥግ ላይ ያለ የሻጋታ ነጥብ። ፊቷን በብሩሽ አልነካሁም።

ልኩን አስቤ በ200 ዲፒአይ 27 በ42 ሳንቲሜትር አሳተምኩት፤ ልክ ሦስት እጥፍ። ወረቀቱን የማያብረቀርቅ አድርጌ መረጥሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ ለእናቴ ሰጠኋት። መጀመሪያ አንገቷን ነው ያየችው። በጣቷ ንቅሳቱን ተከትላ ሄደች። ምንም አላለችም። ቀጥሎ ወደ ነጠላው ወረደች። «ይሄን ጥለት አውቀዋለሁ» አለች። አያቴ ያንን ነጠላ የገዛችው ለእናቴ ክርስትና ነው። ሲያረጅ ቀዳ ለታናሽ አጎቴ ማዘያ አደረገችው። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ቁራጩ አሁንም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ፤ አውጥታም አሳየችኝ። ፎቶው አጠገብ አድርገን ጥለቱን አስተያየነው። መስመሮቹን ቆጠርን። እኩል ናቸው።

ሌላም አለ። በግራ በኩል መጋረጃው ዳር የአንድ ሰው የጣት ጫፍ ይታያል። በነጠብጣቡ ውስጥ አይታወቅም ነበር። እናቴ አብሯት ገበያ የሄደችው ጎረቤታቸው ትሆናለች ብላለች።

ጨለማ ክፍል (እሑድ፣ ማታ 1፡40)

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ያ ጣት የእኛ የሠራተኞቹም ሊሆን ይችላል። መጋረጃው ንፋስ እንዳይነካው አንድ ሰው ዳር ይይዘው ነበር። ደብረ ብርሃን ንፋሷን ታውቂያታለሽ።

የሸዋ ሮቢቱ (እሑድ፣ ማታ 2፡30)

የአባቴን ዋናውን ጉርድ ፎቶ ከእናቴ ተቀበልኩ። ዳሰስኩት፤ እሱም ሸካራ ነው። ህዳግ ግን የለውም፤ በመቀስ ተከርክሟል። እንዲህ ሲሆን የወረቀቱን ኮከብ ከምን ልለየው?

ቀስተ ደመና (እሑድ፣ ማታ 2፡50)

ከጀርባው ካለው ባዶ መጋረጃ ላይ ቁረጥ። ጉርድ ፎቶ ስለሆነ ከትከሻው በላይ ባዶ ቦታ አይጠፋም። ትንሽ ስለሆነ ግን 1,200 ዲፒአይ ላይ ስካን አድርገው። ጠባሳው ያለበት ግንባር ከነጠብጣቡ ሲለይ እዚህ አሳየን።